የታችኛው ጥግ

በሰፈራችን እንደ እኔ የሚዋሽ የለም። ይሄን ስል እውነቴን ነው። ሌላው ሰው ሲዋሽ ዓይኑ ይሸሻል፣ እጁ ጆሮውን ይነካካል። እኔ ስዋሽ እንደውም ፊቴ ይበራል። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ስንለያይ (ተውኩት ብዬ ነው የማወራው፣ እሱ ነው የተወኝ) ለርዕሰ መምህሩ የነገርኩት የበሽታ ታሪክ ሰውየውን መሐረብ አስወጥቶታል። በሽታውን እስከ ዛሬ ሐኪም አላገኘውም፤ የኔ ፈጠራ ስለሆነ።

ስለዚህ ሜዳችን ላይ ሕንፃ ሊሠራ ነው ተብሎ ሰፈሩ ፊርማ ለማሰባሰብ ሲሯሯጥ፣ እኔ በሆዴ «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» አልኩ።

ሜዳው ከቤታችን ጀርባ ነው። ላይ ላዩ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ታቹ የአጣቢዎቹ ነው። አጣቢዎቹ አራት ናቸው፤ እናቴ፣ እትዬ በረኪና እና ሁለቱ እህትማማቾች። የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ ያጥባሉ። እትዬ በረኪና ስማቸውን ያገኙት በረኪና ስለሚያበዙ ብቻ አይደለም፤ ምላሳቸውም የነካውን ሁሉ ቀለሙን ያስለቅቃል።

አራቱም የየራሳቸው ገመድና የየራሳቸው ሁለት ቋሚ እንጨት አላቸው። ቦታው አይነካም፣ አይቀየርም። የኛ ከሁሉም በታች ነው፣ ጥግ ላይ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር። ከሜዳው ሁሉ ተፈልጎ የማይገኝ መጥፎ ቦታ። ፀሐይ የምትመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፣ እሷም እንደ ቸኮለ እንግዳ ቁጭ ሳትል ትሄዳለች። ላይኛው ሜዳ ላይ ቢሆን እስከ ምሳ የሚደርቅ አንሶላ እኛ ጋ እስኪመሽ ያንጠባጥባል።

«እማዬ፣ ገመዱን ወደ ላይ እንውሰደው። ፀሐይ በነፃ ነው እኮ።»

«ለምጄዋለሁ።»

«ምኑን? እርጥበቱን?»

«ምላስሽን ከምታረዝሚ መቆንጠጫውን አቀብዪኝ።»

ሌላም ነገር ነበር። እናቴ ከገመዱ ሥር ከመግባቷ በፊት ጫማዋን ታወልቃለች። ጭቃም ይሁን ብርድ፣ ታወልቃለች። እትዬ በረኪናም፣ እህትማማቾቹም እንዲሁ። አራት ጥንድ ጫማ ዳር ላይ ተደርድሮ ሲታይ ሰዎቹ ወደ ሰማይ ያረጉ ይመስላል። ጫማቸውን ጭቃ እንዳይበላው የሚቆጥቡ መስሎኝ ስስቅባቸው ነው የኖርኩት። እኔማ በነጠላ ጫማዬ ዘው ነው። እናቴ እግሬን ታየዋለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ አንሶላው ታዞራለች።

ታፔላው የተተከለው በአንድ ጠዋት ነው። «ዘመናዊ የመኖሪያ ሕንፃ» ይላል ከነሥዕሉ። ሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች በሙሉ ረጃጅሞች ናቸው፣ አንዳቸውም በሕይወታቸው ልብስ አስጥተው የሚያውቁ አይመስሉም።

ጡረታ የወጡት ጋሽ መምህር አቤቱታ ጻፉ። አራት ገጽ፣ ከነመግቢያው ከነመደምደሚያው። ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያስፈርሙ እኛም ቤት መጡ። እናቴ ካውያውን አስቀመጠች።

«መምህር፣ ፕላኑን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ። ከላይ እስከ መሃል ሕንፃ ነው።»

«ታችስ? የኛ ገመድ ያለበት?»

«ታቹ ውሃ ይቋጥራል ብለው ለሣርና ለዛፍ ትተውታል። አይቆፍሩትም። ምን ሆናችሁ ግን? አጣቢዎች በሙሉ የምትጠይቁኝ ይሄንኑ ነው! ዋናው ነገር እኮ ጥጉ አይደለም፣ ዋናው ነገር መርሁ...»

እናቴ መርሁን አልሰማችም። ፈረመች፣ ካውያዋን አነሳች። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት፣ ከሩቅ ተሸክሞት የመጣውን ነገር ያወረደ ሰው ትከሻ። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። ሰው ለሜዳው ሊሞት ነው፣ እሷ ለአንድ እርጥብ ጥግ ትጨነቃለች!

መሬት የሚቆፍረው ስካቫተር ሰኞ መጣ። የሚነዳው ኦፕሬተር ወፍራም ሰው ነው፣ አንገቱን የሆነ ቦታ ረስቶት የመጣ። ምሳውን ብቻውን የስካቫተሩ ሰንሰለት ላይ ተቀምጦ ይበላል። ሐሙስ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሄድኩበት።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና። ምን ፈለግሽ?»

«ምንም። ደፋር ሰው ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ማኘኩን አቆመ። «የምን ደፋር?»

«በዚህ ሰዓት እዚህ ብቻውን የሚቀመጥ ደፋር ነዋ። እኛ ሰፈር አንድም ሰው አያደርገውም።»

«ለምን?»

ቶሎ አልመለስኩለትም። ውሸት እንደ ሊጥ ነው፣ ትንሽ ካላደረ አይነሳም። ወደ ሰማይ አየሁ፣ ተነፈስኩ፣ ከዚያ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ልጁ ስለሚያለቅስ።»

«የቱ ልጅ?»

«የሞተው። ሕፃን ነው። ሰው ሳያይ እዚህ ሜዳ ላይ ቀበሩት። ፀሐይ እንዲህ አናት ላይ ስትሆን ያለቅሳል።»

እስኪስቅብኝ ጠበቅኩ። ለሳቁም የሚሆን መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀም። የምሳ ዕቃውን ከደነው።

«የት ጋ?» አለ። ከዚያ ሁሉ ሥጋ ውስጥ የወጣው ድምፅ እንደ ክር የቀጠነ ነው።

ይሄን አላሰብኩበትም። ዓይኔ ጨለምለም ያለ፣ እርጥብ፣ ለሙት የሚመች ቦታ ፈለገ። ጣቴ ወደ ታች ተዘረጋ፤ ወደ ጥጉ፣ ወደ ዛፉ ሥር፣ ወደ እናቴ ገመድ።

«እዚያ።»

«እኔም ከዚያ ነው ብዬ ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ሞተሩን ሳጠፋ እሰማዋለሁ። ድመት ነው ብዬ ነበር። ንፋስ ነው ብዬ ነበር። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም፣ ትስቅብኛለች ብዬ።»

እኔ አሁን የፈጠርኩትን ነገር ሌላ ሰው ከማክሰኞ ጀምሮ ሲያስታውሰው አይቼ አላውቅም። ሁለታችንም ወደ ታች አየን። ቅጠሉ አይንቀሳቀስም። ከአንሶላዎቹ አንዷ ግን ከሥሯ በኩል ገፋ አለች፣ ከኋላዋ ትንሽ ልጅ በጭንቅላቱ እንደሚነካካት። ምናልባት መስሎኝ ይሆናል። ሮጬ ነው የሄድኩት፤ እየተራመድኩ ነው ብዬ ግን ለራሴ ነገርኩት።

ኦፕሬተሩ ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አላስነሳም። «ሙት አልቀሰቅስም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ ቁልፉን አስረከበ። ኢንጅነሩ መጣ። ወጣት ነው፣ ሸሚዙ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ። ወሬው ሰፈሩን ስላዳረሰ ሰው ሁሉ ከበበው። ከወረቀት ላይ አነበበልን፤ መቃብር አለ የተባለበት መሬት ላይ ሥራ ይቆማል። ነገ ጠዋት የተጠቆመው ቦታ ተቆፍሮ ይታያል። ከተገኘ ይወጣና ወደ መካነ መቃብር ይዛወራል። ካልተገኘ ሥራው ይቀጥላል።

ጋሽ መምህር ትከሻዬን ይዘው ነቀነቁኝ። «አራት ገጽ ያልሠራውን አንድ አፍ ሠራው! ጎበዝ! አንድ ቀን አተረፍሽልን!»

እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቢቆፍሩ ምን ያገኛሉ? የዛፍ ሥር!

እናቴ አንሶላ ልታደርስ ሄዳ ስለነበር ይሄን ሁሉ አላየችም። ስትመለስና መተኮስ ስትጀምር ሁሉንም ነገር ሠርቼ አሳየኋት፤ የኦፕሬተሩን አንገት፣ የኢንጅነሩን ሸሚዝ፣ የመምህሩን «ጎበዝ!»። «ደፋር ሰው ማየት ደስ ስለሚለኝ ነው» ያልኩት ጋ ስደርስ እሷም ሳቀች። እናቴ ስትስቅ አፏን በክንዷ ትሸፍናለች።

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ይድፋኝ! እና አመነሽ?»

«ከማመንም አልፎ ቦታውን ጠየቀኝ።»

«የት ብለሽ አሳየሽው?»

«እኛ ገመድ ሥር ነዋ። ከሱ የባሰ የሚያስፈራ ቦታ የት አለ? ነገ ጠዋት ሊቆፍሩት ነው።»

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ባለቤቱ እንደሄደ ልብስ። ካውያው አንሶላው ላይ ቆመ። ጠረኑ መጣ።

«እማዬ፣ ተቃጠለ!»

አልሰማችኝም። ካውያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የእንግዳ ማረፊያው አንሶላ ላይ ቡናማ ጉልላት ወጥቶበታል።

«ከአንቺ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ» አለች፣ ለግድግዳው። «ሳይተነፍስ ነው የመጣው። ሳይተነፍስ ስለመጣ ስም የለውም አሉ፤ ስም ስለሌለው ወረቀት የለውም፤ ወረቀት ስለሌለው መካነ መቃብር አይቀበለውም። በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሌላ ምን ላድርግ? ይዤው ቆምኩ። እትዬ በረኪና አካፋ ይዘው መጡልኝ። ቦታውን እሳቸው ያውቁታል። የሳቸውም እዚያ አለች።»

«አባዬ ያውቃል?»

«ሞተ አልኩት። የት ብሎ አልጠየቀኝም።»

«እና ገመዱ...»

«ሰው እንዳይረግጠው ነዋ። በተሰጣ ልብስ መሃል ማን ይራመዳል?»

እኔ። እኔ እራመዳለሁ። መራመድ ከቻልኩበት ቀን ጀምሮ በነጠላ ጫማዬ፣ እየዘለልኩ፣ እየዘፈንኩ፣ የበኩር ልጅ ነኝ እያልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔ ደግሞ ከአፋፉ ወርዶ እናቴ ላይ አረፈ። ዝም ብል ኖሮ ጥጉን ማንም አይነካውም ነበር። ፕላኑ ላይ እንኳ ሣር ነበር።

«ነገ ውሸቴን ነው እላቸዋለሁ» አልኩ። «አትጨነቂ። ለውሸት ማን ያክለኛል?»

የተቃጠለውን አንሶላ አጣጠፈችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ሕፃን የሚያህል እስኪሆን ድረስ።

ጠዋት ስነሳ አልጋዋ ባዶ ነው። ወጣሁ። አራቱም ሴቶች ሜዳው ላይ ናቸው። የታጠበውንም ያልታጠበውንም አንሶላ አርጥበው ሰቅለውታል፤ ገመድ የሚባል ባዶ የለም። ነጭ ግድግዳ። እያንዳንዷ በገመዷ ሥር ባዶ እግሯን ቆማለች፣ ጫማው ዳር ላይ ተደርድሯል። አሁን ነው ገመዶቹን የቆጠርኳቸው። አሁን ነው ለምን እንደማይነኩ የገባኝ። ለዓመታት ልብስ የሚሰጣበት ነው ብዬ የማየው ቦታ አልጋ በአልጋ ሆኖ ታየኝ።

ኢንጅነሩ መጣ፣ አካፋና ዶማ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ። ኦፕሬተሩም መጥቷል፣ መንገዱ ላይ ቆሟል። ከኋላቸው ሰፈሩ በሙሉ፣ ከፊት ጋሽ መምህር ከነሚስታቸው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔ ግን ሲያድር ከበደ። ተሸክሜው ኢንጅነሩ ፊት ቆምኩ።

«ኢንጅነር፣ ምንም የለም። ውሸቴን ነው።»

«ምን?»

«ትናንት ያልኩት። ፈጥሬው ነው። በሞቴ፣ ምንም የለም እዚያ!»

ዓይኔ ሸሸ። ሲሸሽ ታወቀኝ፣ ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ። እጄ የት ነው ብዬ ብፈልገው ጆሮዬ ላይ አገኘሁት። በሕይወቴ አንድ ቀን፣ አንዲት ውሸት እንድትሠራልኝ የፈለግኩበት ቀን፣ ድምፄ መሃል ላይ ተሰነጠቀ።

«ትናንት አለ፣ ዛሬ የለም» አለ ኢንጅነሩ። «ማን አስፈራራሽ?»

«ማንም! ውሸታም ነኝ እኮ፣ ሰፈሩን ጠይቅ!»

«እኔስ የሰማሁት?» አለ ኦፕሬተሩ ከመንገዱ።

«አይዞሽ ልጄ!» ጮኹ ጋሽ መምህር። «አትፍሪ፣ ከእውነት ጋር ነን!» ሰዉም አጨበጨበ። አጨበጨቡልኝ! እናቴን ሊቆፍሩባት እያጨበጨቡልኝ ነው።

ኢንጅነሩ በእጁ ምልክት ሰጠ። ባለአካፋው ወደ ጥጉ ሄደና የእናቴን አንሶላ በአካፋው ጫፍ ገለጥ አደረገ። እናቴ ከአንሶላው ኋላ ቆማለች።

«ጫማህን አውልቅ» አለችው።

«እ?»

«ከመግባትህ በፊት ጫማህን አውልቅ። ልጄ ላይ ልትቆም ነው።»

ጭብጨባው ሞተ። ሰውየው ወደ ኢንጅነሩ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ወደ እግሩ።

«የኔ እዚህ ነው» አሉ እትዬ በረኪና ከገመዳቸው ሥር። «ሴት ናት። ፀጉር ነበራት።»

«የኔ እዚህ» አለች ታላቅዬዋ እህት። ታናሽዬዋ ሁለት ጣቷን አነሳች።

አልቋል ብዬ ነበር። ከሰዉ መሃል አንዲት ሴት ወጣች፣ አጣቢ ያልሆነች፣ ገመድ የሌላት። ጫማዋን አውልቃ ከአንሶላዎቹ ኋላ ገባችና የሆነ ቦታ መርጣ ቆመች። ሳትፈልገው ነው ያገኘችው። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ማን ማን እንደሆኑ አልጽፍም። የመጨረሻዋን ብቻ እጽፋለሁ፣ ሁሉም ስላየ። የጋሽ መምህር ሚስት ናቸው። አቤቱታውን ባላቸው እጅ ላይ ትተው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ።

«አንቺ?» አሉ ጋሽ መምህር። «መቼ?»

ወደ ኋላ አላዩም።

ነጩ አንሶላ እርጥብ ስለሆነ የሴቶቹ ጥላ ያልፍበታል። ጥላዎቹን ቆጠርኩ፤ ከገቡት ሴቶች የበዙ መሰሉኝ። ድጋሚ ልቆጥር አልደፈርኩም። ኦፕሬተሩ መንገድ ላይ፣ አስፋልት ላይ ቆሞ ሳለ ጫማውን አወለቀ። ኢንጅነሩ ወረቀቱን አጠፈው። «ይሄ ከኔ በላይ ነው» አለና ሄደ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። ስካቫተሩ ተጭኖ ሄዷል፣ ታፔላው ተነቅሏል፤ ሕንፃው ሌላ ቦታ ነው አሉ። ሜዳው ዳነ። ግን ማንም አልጨፈረም። ጋሽ መምህር ስብሰባ አልጠሩም፤ ጠዋት ጠዋት ከሚስታቸው ኋላ ኋላ እየሄዱ ሜዳው ዳር ድረስ ይመጡና እዚያው ይቆማሉ። ልጆቹ ኳሳቸውን ሌላ ቦታ ወሰዱ። ሣሩ የሚረግጠው ስላጣ እስከ ጉልበት አድጓል። ሰው በዚያ ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል፤ እናቴ ስታልፍም ይቀንሳል፣ እሷም ሜዳ የሆነች ይመስል።

የእንግዳ ማረፊያው ሰውዬ በራችን ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ አንሶላዎቹን ተቀበለን። «ደንበኞቼ ሙት ላይ በተሰጣ አንሶላ አይተኙልኝም። አትቀየሚኝ» አላት። እሷም አልተቀየመችውም። የሚያስቀይማትማ ቤት ውስጥ ነበር። አልጮኸችብኝም፣ አልመታችኝም። «ውሃ ቅጂ»፣ «በሩን ዝጊ»፣ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም።

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ የራሳችንን ሁለት አንሶላ ይዘን ወረድን። ጫማዬን አወለቅኩ፤ አሁን ሁልጊዜ አወልቃለሁ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው። እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ፣ መሃላችን ነጭ ጨርቅ። ያኔ ነው የሰማሁት። ቀጭን፣ ከዛፉ ሥር፣ የሚጀምርና የሚያቆም። ድመት አይደለም። ንፋስም የለም። ፀጉሬ ሥሩ ድረስ ቆመ፤ ግን ከፍርሃቱ ሥር ደስ የሚል ነገርም ነበረበት። የምሰጣት ነገር አገኘሁ። እሷ ስትጠብቀው የኖረችውን እኔ ሰማሁት። ይሄን ብነግራት ታናግረኛለች።

«እማዬ» አልኩ በሹክሹክታ። «እሰማዋለሁ። ወንድሜን። እያለቀሰ ነው። እኔን አውቆኝ ነው መሰለኝ።»

መቆንጠጫዋን ሰክታ ጨረሰች። ከዚያ አንሶላውን በእጇ ገለጥ አድርጋ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

«ምንም አልሰማሽም» አለች። «የኔ ልጅ አላለቀሰም። አንዴ ቢያለቅስልኝማ ይዤው ቤት እገባ ነበር።»